ቁጠባው ከባትሪው ብቻ ነውን?

በሞንጎልያ መዲና በኡላንባታር ጎዳናዎች ላይ በጃፓን ያገለገሉ የቶዮታ ፕሪየስ መኪናዎች እጅግ በርካታ ናቸው። ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ስለ ባትሪው ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ እኛ ግን ወደ ቤንዚን ሞተሩ እንመልከት።

በተለመደው ሞተር ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትና የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን የሚገፋበት ርቀት እኩል ነው። ስለዚህ ጋዙ የመግፋት አቅሙን ሳይጨርስ በጭስ ማውጫው ይባክናል። እንግሊዛዊው ጄምስ አትኪንሰን በ1880ዎቹ ግፊያውን ከእመቃው የሚያስረዝም ሞተር ሠርቶ ነበር፤ መፍትሔው ግን ውስብስብ የብረት ክንዶችን የሚጠይቅ ነበር። የፕሪየስ መሐንዲሶች ይህንኑ በቫልቭ ተገላገሉት። ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረም በኋላ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ጥቂት ክፍት ስለሚቆይ፣ ከገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። የሚታመቀው ያንሳል፤ ግፊያው ግን እንደ ረዘመ ይቀራል።

ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ 1.5 ሊትር ሞተር 76 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ ተራው መንትያው ከ100 በላይ ይሰጣል። ጉድለቱን የሚሞላው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው።

ታዲያ በምን እንለየው? «ሃይብሪድ» የሚል ጽሑፍ ከኋላ መለጠፍ ለማንም አይከብድም። በአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ የሠፈረውን የሞተር ስያሜ እናንብብ፤ ተራው «1ኤንዜድ-ኤፍኢ» ሲሆን፣ ቆጣቢው «1ኤንዜድ-ኤፍኤክስኢ» ነው። በመካከል የገባችው «ኤክስ» የአትኪንሰን ዑደት ምልክት ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ ዓይን ብቻ ይበቃል፤ የውኃ ፓምፑም የአየር ማቀዝቀዣውም በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ በሞተሩ ጎን ቺንጋ የለም።