የሕዝብ ልማት ሥራ በምን ይመዘናል?
ስለ ቦንጋ ደን አጠባበቅ

ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተጀመረ ሥራ ሁሉ ሕዝብን ጠቅሟል ማለት አይደለም። ይህ ነገር የታወቀ ቢሆንም፥ ከየወረዳው የሚመጣውን የዓመት ሪፖርት ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የታደለውን ችግኝ፥ የተደረገውን ስብሰባና የወጣውን ገንዘብ ቍጥር ነው፤ በሥራው ምክንያት በባላገሩ ኑሮና በምድሩ ላይ ምን እንደ ተለወጠ ግን ጥቂት ብቻ ይነገራል። ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምትና የእርሻ ሠራተኞች የሕዝብን የልማት ሥራ እንዴት መምራትና መመዘን እንደሚገባ ትመለከቱ ዘንድ፥ በከፋ ምድር በቦንጋ ደን የተሠራውን በምሳሌነት አቅርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦንጋ ከጅማ ወዲያ በደቡብ ምዕራብ በኩል የምትገኝ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ደን ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ከዛፉ ጥላ ሥር ይለቀማሉ፤ የንብ ቀፎም በረጅሙ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ይህ ደን በቀድሞ ዘመን ባለቤት የሌለው ጫካ አልነበረም። የአገሩ ሰው ኮቦ በሚለው ልማድ ደኑ በየቤተ ሰቡ ተከፍሎ፥ ቀፎ የሚሰቀልበትና ቅመም የሚለቀምበት ስፍራ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በ1975 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ግን የደኑ ጥበቃ የመንግሥት ሥራ ሆነ። የመንግሥት ዘበኛ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ደን ሊበቃ አልቻለም፤ ባላገሩም የእኔ ነው ብሎ ለመጠበቅ የሚያበቃው መብት አልነበረውም።

በ1996 ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ በቦንጋ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን ሥራ ጀመረ። የሥራውም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በደኑ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ይለያል፤ ቀጥሎ ወሰኑ ከሕዝቡ ጋር ይከለላል፤ በውስጡ ያለውም ይቈጠራል፤ ከዚያም ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አቁመው መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፥ መተዳደሪያ ደንብና የአያያዝ ዕቅድም ያወጣሉ፤ በመጨረሻ ማኅበሩና መንግሥት ውል ይፈራረማሉ። ማኅበሩ ደኑን ሊጠብቅ ግዴታ ይገባል፤ በአንጻሩም በቡናው፥ በማሩና በቅመሙ ሊጠቀም መብት ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት በዚህ ሥራ ላይ ይታያል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ለማንኛውም የልማት ሥራ የሚያገለግሉ አራት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛው መነሻን ማወቅ ነው። በደኑ ውስጥ ስንት ታላላቅ ዛፍና ስንት ቡቃያ እንዳለ፥ ባላገሩም ከደኑ ምን ያህል እንደሚያገኝ ሥራው ሳይጀመር ካልተጻፈ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ ደኑ ለማ ወይም ሳሳ፥ ሰውም ከበረ ወይም ደኸየ ብሎ በእርግጥ ሊናገር የሚችል አይኖርም። የሚተርፈው ክርክር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክትትልንና ግምገማን መለየት ነው። የማኅበሩ ጠባቂዎች በወሰኑ ዙሪያ ሲዞሩ አዲስ የተቈረጠ ጉቶ ቢያዩ መዝግበው ለመሪዎቻቸው ማስታወቃቸው ክትትል ነው፤ ስሕተቱ ሳይሰፋ እንዲታረም ይረዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡቃያውን እንደ ገና ቈጥሮ ከመነሻው ጋር ማስተያየት፥ ሥራውም ለታሰበለት ነገር መድረሱን መመርመር ግን ግምገማ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በግምገማም ጊዜ ሥራው የደረሰበትን ስፍራ ካልደረሰበት ጎረቤት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ለዚህ መልካም ማስረጃ የሚሆነን ከከፋ ጋር በሚጎራበተው በጅማ በኩል፥ በጃፓን መንግሥት እርዳታ በበለጠና ጌራ ደን የተደረገው ተመሳሳይ ሥራ ነው። ሁለት የጃፓን ሊቃውንት ከሰማይ የተነሣውን የሳተላይት ሥዕል መርምረው በ2012 እንዳስታወቁት፥ ማኅበር በቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ የማኅበሩ ደን በ1.5 ከመቶ ሲጨምር፥ ማኅበር የሌለበት ደን በ3.3 ከመቶ ቀንሷል። ነገር ግን ማኅበሩ በሚቋቋምበት ወቅት፥ ኋላ ይከለከላል ብለው የሠጉ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፥ ደኑ ከሌላው ይልቅ ተመንጥሮ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻ ያየ መርማሪ ሥራው ጠፋ ባለ ነበር፤ የኋላውን ብቻ ያየም ጕዳቱን ሳያውቅ ባመሰገነ ነበር። ጎረቤቱን ያላየ ደግሞ የ1.5ቱን ብቻ ቈጥሮ፥ ከመጥፋት የዳነውን ደን ሳይቈጥር በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ጥቅሙና ሸክሙ ለማን እንደ ደረሰ መጠየቅ ነው። በከፋ መንጃ የሚባሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በደኑ ዳር የሚኖሩ፥ መሬታቸው ጥቂት የሆነ፥ ማገዶና ከሰል በመሸጥ የሚተዳደሩ ናቸው። ሌላው ሰው አብሯቸው እንዳይበላ፥ ወደ ቤቱም እንዳያስገባቸው የሚያደርግ ክፉ ልማድ ለብዙ ዘመን ጐድቷቸዋል። ደን ሲከለል አስቀድሞ የሚራበው ማገዶ ሻጩ ነው፤ የቡናውና የማሩ ትርፍ ግን መሬትና ቀፎ ወዳለው ያዘነብላል። የመንደሩ ገቢ በጠቅላላው አደገ የሚል ቍጥር ይህን ችግር ይሸፍነዋል። በቦንጋ መንጃዎች በአባልነት እንዲገቡ መደረጉ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ስም በመዝገብ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። ለመሪነት ተመርጠዋልን? በስብሰባ ሲናገሩ ይሰማሉን? ትርፍ ሲከፈል ድርሻቸው ይደርሳቸዋልን? መርማሪ ይህን ለብቻው መጠየቅ፥ መልሱንም ከራሳቸው አፍ መስማት ይገባዋል።

አራተኛው ዘላቂነት ነው። የልማት ሥራ እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው የእርዳታው ገንዘብ ካለቀና መኪናው ከተመለሰ በኋላ ነው። በከፋ የደን ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን በ2004 ተመሥርቷል፤ በ2010 ደግሞ ዩኔስኮ 760,000 ሄክታር የሚያህለውን የከፋን ምድር የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ በ2018 የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 የማኅበረ ሰብ ደንን በሕግ አውቆታል። ገበያ፥ ክብርና ሕግ እነዚህ ናቸው። ይሁን እንጂ ለእርሻ የሚሆን ሰፊ መሬት የሚሻ ባለ ሀብት ወደ ወረዳው በመጣ ጊዜ፥ ከማኅበሩ ጋር የተፈረመው ውል ካልተከበረ፥ የቀድሞው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ያን ውል የፈረመው መንግሥት ስለ ሆነ፥ ማክበሩም በመጀመሪያ የእኛ የሹማምቱ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ወደ ፊት ሪፖርት ስታዘጋጁ፥ ምን ሰጠን ከሚለው ቀጥሎ እነዚህን ጥያቄዎች ጻፉ፤ ሥራው ሲጀመር ምን ነበረ? አሁንስ ምን አለ? ሥራው ባልደረሰበት ጎረቤትስ ምን ሆነ? ማን ተጠቀመ፥ ማንስ ተጐዳ? እኛ ብንሄድ የሚቀረው ምንድን ነው? መልሱ ደስ የማያሰኝ ቢሆንም አትሰውሩት። ጕድለቱን ገልጦ የጻፈ ሹም ባላገሩን ይረዳል፤ ሸፍኖ ያመሰገነ ግን ደኑንም ሰዉንም ይጐዳል።