ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናትና የቤት ውስጥ የባህርይ ሕክምና፦ ከባሌ ደጋ ሲታይ



በአገራችን ስለ አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ «ቤት ውስጥ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ መልካም ዜና አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ፣ እናቱ ከገበያ እስክትመለስ በር የሚዘጋበት፣ አንዳንዴም በገመድ የሚታሰር ልጅ ማለት ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምናገርበት የሕክምና ዓይነት ደግሞ «የቤት ውስጥ» የሚባል ነው። ልጁ የተሸሸገበት ያው ቤት የሚማርበት ቦታ እንዲሆን ምን ያስፈልጋል የሚለው ነው ጥያቄዬ።

ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ልዩነት ነው። በመግባባት፣ ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት፣ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴና ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ በሚሰጥ ምላሽ ይገለጣል። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን ጠቅሶ ከጻፈ በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም ለረጅም ዘመን ጥፋቱ በእናት ላይ ተጥሎ ነበር፤ ፍቅሯ የቀዘቀዘ እናት ልጇን እንዲህ ታደርጋለች ተባለ። ራሱ የኦቲስቲክ ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ተቃወመ። እኛ ዘንድ ክሱ መልኩን ለውጦ ይኖራል፤ እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ እርጉዝ ሳለች ያደረገችው ነገር ነው ይባላል። ተከሳሿ ግን ያችው እናት ናት።

የባህርይ ሕክምናን ለታዳጊ ሕፃናት በሰፊው ያስተዋወቀው የኢቫር ሎቫስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ በአብዛኛው በየቤታቸው፣ አንድ ለአንድ ሠለጠኑ፤ ዘጠኙ መደበኛ አንደኛ ክፍልን እንዳለፉ ተዘገበ። ውጤቱ ብዙ ወላጆችን አስደስቷል። ነገር ግን ልጆቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ በዚያ ዘመን አሠራር ውስጥም ቁጣና ጥፊ ነበሩበት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼን አታለልሁ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጀራልዲን ዳውሰን፣ ሳሊ ሮጀርስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት መንገዱን አለሰለሰው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ወር የሆነ 48 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ለሁለት ዓመት ከባለሙያ ጋር በጨዋታ ውስጥ ሠለጠነ፣ ወላጆችም ስልቱን በዕለት ኑሯቸው ተጠቀሙበት። በግንዛቤ ችሎታ፣ በቋንቋና ራስን በመርዳት የዚህ ቡድን ልጆች የተሻለ እድገት አሳዩ። ቅጣት የለም፤ ልጁ የወደደውን ነገር ተከትሎ ማስተማር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት 40 ሰዓት የአንድ ሠራተኛ ሙሉ የሥራ ሳምንት ነው፤ አንድ ባለሙያ ለአንድ ልጅ ማለት ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የሚገኙት አዲስ አበባ ነው፤ ከሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ስለዚህ በባሌ ደጋ «የቤት ውስጥ ሕክምና» ማለት በር አንኳኩቶ የሚገባ ባለሙያ ከሆነ፣ የለም ብለን ንግግሩን እዚህ ማቆም እንችላለን።

እኔ ግን የሚሻገረው ሰዓቱ ሳይሆን ስልቱ ነው እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና በዚህ ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት፣ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች አሳዳጊዎች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከአገራችን ሁኔታ ጋር አጣጥመው ሞክረውታል።

ስልቱ በተግባር ምን ይመስላል? ጎሮ ያለች አንዲት እናትን እናስብ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጇ አይናገርም፤ ቆሎ ሲያምረው እጇን ይዞ ወደ መደርደሪያው ይጎትታታል፣ ፊቷን ግን አያይም። ከዘገየች ወለሉ ላይ ተንከባሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ትሰጠዋለች። እዚህ ላይ ልጁ አንድ ነገር ተምሯል፦ ጩኸት ቆሎ ያመጣል። እናቲቱ እንድታስተውል የምንፈልገው ከድርጊቱ በፊት ምን እንደ ነበረና ከድርጊቱ በኋላ ምን እንደ ተከተለ ነው። ነገ ጩኸቱ ሳይጀምር ዝቅ ብላ በዓይኑ ትይዩ ትቀመጣለች። በአንድ እጇ ቆሎ፣ በሌላው እርሱ የማይወደውን ነገር ትይዛለች። ትጠብቃለች። እጁን ወደ ቆሎው ቢዘረጋ፣ አንዳፍታ እንኳ ቀና ብሎ ቢያያት፣ ወዲያው «ቆሎ!» ብላ ጥቂት ፍሬ ትሰጠዋለች። ጥቂት ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ እፍኝ ሙሉ ከሰጠችው ልምምዱ በአንድ ዙር ያልቃል።

እጅ መታጠብም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው እርምጃ ይጀምራል፤ ከመጨረሻው መጀመር ግን ብዙ ጊዜ ይቀላል። እናቲቱ እጁን ይዛ ሁሉንም ታሠራዋለች፣ በፎጣ ማድረቁን ብቻ ለእርሱ ትተዋለች፤ እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው ራሱ ነው። ያ ሲለመድ ሳሙናውን ማስለቀቅን ትተውለታለች፤ እያለች ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ቋንቋውም የቤቱ ቋንቋ ይሁን። በአፋን ኦሮሞ የሚነጋገር ቤተሰብ ውኃን «ቢሻን» ብሎ ያስተምር፤ ባለሙያው አማርኛ ስለሚናገር ብቻ እናት በማታልምበት ቋንቋ ልጇን ታናግር ማለት ስሕተት ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት እድገታቸውን እንደማይጎዳም ጥናቶች ያሳያሉ።

ይሁንና አንድ ሥጋት አለኝ። ስልቱን ለእናት ሰጥተን ስንመለስ፣ ልጁ ባይናገር ጥፋቱ እንደገና የእርሷ እንዳይሆን። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ሌሎች ልጆች ያሏት ሴት የ40 ሰዓት ባለሙያ ልትሆን አትችልም። አባት፣ ታላቅ እህት፣ አያት ካልተካፈሉት ሥራው ሸክም ይሆናል። አያትን ለማሳመን ግን ጊዜ ይወስዳል፤ «ኧረ ይናገራል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ይሏችኋል። ወደ ጠበል ወይም ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን መሄድ የሚፈልግን ቤተሰብም አትከራከሩ፤ ልጁ በሰንሰለት እንዳይታሰር፣ የሚወስደውም መድኃኒት ካለ እንዳይቋረጥ ብቻ አደራ በሉ።

በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለክትባት በገባችበት ቤት ሦስት ነገር ልትጠይቅ ትችላለች፦ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ይዞራል? በዓመት ተመንፈቁ የሚያስደንቀውን ነገር ለማሳየት በጣቱ ይጠቁማል? የነበሩትን ቃላት አጥቷል? መልሱ ካሳሰባት ወደ ጤና ተቋም ትላከው፤ እዚያም በመጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፣ የማይሰማ ልጅም ሲጠራ አይዞርምና። ምርመራው እስኪደርስ ግን የቆሎው ልምምድ መጠበቅ የለበትም፤ ኦቲዝም ሆኖ ባይገኝም ልጁን አይጎዳውም።