«ሃኦ ቺ» ከማለታችን በፊት



ጁሙዓ ሰግደን ምሳ ፍለጋ ወደ ፒያሳ ስንወጣ፣ አዲስ ምግብ ቤት ካጋጠመን በሩ ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የሙስሊም ነው?» ስለ ጣዕሙ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው። ከመካከላችን በስኮላርሺፕ ወደ ቻይና ለመሄድ የሚያስቡ፣ ቻይንኛም በስልካቸው የጀመሩ እህት ወንድሞች አሉ። የምግብ ቃላት ሲያጠኑ ግን የሚቀድመው «ይጣፍጣል» ነው። እኛም ከእሱ እንጀምር።

«ሃኦ ቺ» ማለት ጣፋጭ ነው፤ «ሃኦ» ጥሩ፣ «ቺ» መብላት። ለሚጠጣ ነገር ግን አይሆንም። ሻይና ቡና ሲጥማችሁ «ሃኦ ኸ» በሉ፤ «ኸ» መጠጣት ነውና።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያሳስተው «ቲየን» ነው። ትርጉሙን «ጣፋጭ» ብለን እንይዘዋለን፤ ግን የስኳርና የማር ጣፋጭነት ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ወጡም ማሩም ይጣፍጣል። ቻይናዊት ባለሙያ የሠራችውን የሥጋ ወጥ «ቲየን» ብትሏት ግን ስኳር ጨምረሽበታል ማለታችሁ ነው።

መዓዛው ለሚያውድ ምግብ «ሺያንግ» ይባላል። ለጥሩ የሥጋ መረቅ ደግሞ «ሺየን» የሚባል ቃል አለ፤ ሲጻፍ የዓሣና የበግ ምልክቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳያወዛውዙ መያዝ ያስፈልጋል። እንደ ጠያቂ ወደ ላይ ከሳባችሁት «ጨዋማ» ይሆናል፤ ምስጋናው ወቀሳ ሆነ ማለት ነው! «ላ» የሚያቃጥል ነው። በርበሬ ለምደናል ብላችሁ ግን በሲቹዋን «ማላ» አትቀልዱ፤ ማቃጠሉ ሳያንስ ምላስ ያደነዝዛል።

አሁን ወደ በሩ ጥያቄ እንመለስ። ሐላል በቻይንኛ «ቺንግጀን» ነው፤ «ቺንግ» ንጹሕ፣ «ጀን» እውነተኛ። መስጂድም «ቺንግጀን ስ» ይባላል። «ጀ ሺ ቺንግጀን ደ ማ?» ማለት «ይህ ሐላል ነው?» ነው። ቃሉን መስማት ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም በዓይን መልመድ ይገባል፤ የመጀመሪያው ፊደል በግራ በኩል ሦስት የውኃ ጠብታ የሚመስሉ ጭረቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤይጂንግ ከሐላል ምግብ ቤቶች ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ እንዲነሳ ታዟልና፣ ዐረብኛ ብቻ የሚፈልግ ዓይን ሐላሉን ቤት አልፎት ሊሄድ ይችላል።

«ሮው» ሥጋ ነው። ምናሌው ላይ ብቻውን ከተጻፈ ግን ብዙ ጊዜ አሳማ ነው፤ አሳማነቱ ሲገለጽ «ጁሮው» ይባላል። የበሬው «ኒዩሮው»፣ የበጉ «ያንግሮው» ነው። አትክልት ስለሆነ ብቻም አትመኑ። በ«ጁዮው»፣ ማለትም በአሳማ ስብ፣ ሊጠበስ ይችላል፤ «ሊያኦጂዮው» የሚባል የወጥ ቤት አልኮልም አለ። ጣዕሙ ይህን አይነግራችሁም።

ብዙ የቻይና ከተሞች ውስጥ የላንጆው የበሬ ሥጋ ኑድል ቤቶች አሉ፤ ምግቡ የሁይ ሙስሊሞች ነው። ለእኛ ሰው የሚቀርበው ግን የሺአኑ «ያንግሮው ፓኦሞ» ይመስለናል። ደረቅ ቂጣና ባዶ ሳህን ይሰጣችኋል፤ ቂጣውን በእጃችሁ ትፈተፍታላችሁ፣ ሳህኑ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል፣ የበግ መረቅና ሥጋ ተጨምሮበት ይመጣል። ፍትፍት ነው። ያኔ ቢስሚላህ ብላችሁ ቅመሱና «ሃኦ ቺ» በሉ።