የነርሷ እርግዝና

ባለፈው ሰሞን አንድ ገበሬ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ቤቱ ጭቅጭቅ ላይ ነበር።

የቤቱ ምራት ከተማ ወርዳ ነርስነት ትማራለች። ትምህርቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶታል። እርግዝናዋ ደግሞ አምስተኛ ወሩን ይዟል። አማቷ፣ «ትምህርቱ ይቆይ፣ እዚሁ በሰላም ትገላገል» ይላሉ። ባልየው ዝም ብሎ ፍም ይቆሰቁሳል። ልጅቱ አንገቷን ደፍታለች። እኛንም «እስቲ ፍረዱ» አሉን።

እርግዝና በሽታ አይደለም። ጤነኛ ነፍሰ ጡር መማርም መሥራትም ትችላለች። እናንተስ እናቶች፣ እርጉዝ ሆናችሁ ስንት እንስራ ውሃ ተሸከማችሁ? ስንት ማሳ አረማችሁ? የነርስ ሥራ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቀኑን ሙሉ መቆም አለ። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር አለ። ከባድ በሽተኛ ደግፎ ማንሳትም አለ። ራጅ በሚነሳበት ክፍል ነፍሰ ጡር መቆም የለባትም። ሌላው መርፌ ነው። የበሽተኛ ደም የነካው መርፌ ቢወጋት የጉበት በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ሊይዛት ይችላል። ያኔ ሳትደብቅ ወዲያው መናገር አለባት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረባም። በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

«ለአስተማሪዎችሽ ነግረሻል?» አልናት።

«አልነገርኩም። ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ» አለች። ሆዷን በሰፊ ጋወን ሸፍና ትውል ነበር።

የቆጨን ይኸ ነው። ካልተናገረች ከራጅ ክፍል ማን ያወጣታል? ከሌሊት ተራስ ማን ይቀይራታል?

ሕግም አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጠ። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን አይደል? እናቲቱ ክርስትናው ሳይደርስ ሥራ ትገባ ነበር ማለት ነው! ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው። ይህ ሁሉ ግን ለተቀጠረች ሠራተኛ ነው። ተማሪዋ ከትምህርት ቤቷ ጋር ቁጭ ብላ መነጋገር አለባት። የቀራት የተግባር ልምምድ ስንት ነው? የብቃት ምዘናው ፈተና፣ ሲኦሲ የሚሉት፣ ከመውለጃዋ ጋር ቢጋጭስ? ቀድማ ከተናገረች መላ ይገኛል። አንድ ፈተና ወደሚቀጥለው ዙር ቢተላለፍ የሦስት ዓመት ድካም አይጠፋም።

አማቷ፣ «እሷ እንደሁ ነርስ ናት፤ ራሷን ታውቃለች» አሉ።

እኛም የልዕልት ፀሐይን ነገር አነሳንላቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረዋል። በ1934 ዓ.ም. ወለጋ፣ ነቀምት ላይ፣ በእርግዝና ጠንቅ ሞቱ። የንጉሥ ልጅነትም ነርስነትም አላዳናቸውም።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። የስንቱን እርጉዝ የደም ግፊት ስትለካ የኖረች ልጅ፣ ራሷ ለክትትል የሄደችው አንዴ ብቻ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 8 ጊዜ ይላል። ደም ከፈሰሳት፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅም፤ ያኑ ዕለት ትሄዳለች።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አማቷ ለዘብ አሉ። «ሥራ ስትገባ ሕፃኑን ማን ይይዛል?» ብለው ጠየቁ። ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር። ልጅቱ መለሰች። ከሥራ ስትውል የጡቷን ወተት በንጹሕ ዕቃ አልባ ትተዋለች። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከተከደነ ለ4 ሰዓት ያህል አይበላሽም። በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ይሰጣል። እስከ ስድስት ወር ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

«ቅቤም አላውጠውም?» አሉ አማቷ።

«አይሆንም እማዬ።»

«አይ የዘንድሮ ልጅ!» ብለው ሳቁ። መጥቼ አብሬሽ እቀመጣለሁም አሉ። ባልየው ያን ጊዜ የፍሙን መቆስቆሻ አስቀመጠ። «ሰኞ አብሬሽ ወርጄ እኔው ለአስተማሪዎችሽ እናገራለሁ» አለ።

«እኔ እናገራለሁ፤ አንተ አጠገቤ ቁም» አለችው።

ሦስተኛው ቡና ተቀዳ።