«ሸረድ» እና «ውርርድ»፦ በክፍት የሚኒስትርነት ወንበር ላይ ስለሚያዝ ግምት

በሐርጌሳ ሶማሊኛ ውርርድ «ሸረድ» ይባላል። «ሸርጥ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ መንትያው «ሸርዲ» የቅድመ ሁኔታን ፍቺ እንደያዘ ቀርቷል። የአማርኛው «ውርርድ» በቅርጹ የ«ወረደ» ድግግም ግንድ ነው፤ ያደገውም በቁማር ቤት ሳይሆን በችሎት ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቾች ማርና በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ «ሒሳብ ማወራረድ» ዛሬም ጉዳይን መቋጨት ነው።

ልዩነቱ የሚጎላው ለክፍት የሚኒስትር ወንበር ሲወራረዱ ነው። በሶማሊላንድ ሹመት የጎሳን ሚዛን ስለሚከተል፣ ግምቱ ከሰውዬው ስም አስቀድሞ በ«ሬር»፣ ማለትም በወገኑ፣ ላይ ያርፋል። ከዚህ ሚዛን ለረጅም ዘመን ተገልለው የኖሩት ገቦዬዎች በሚበዙበት በዳሚ ሰፈር «ማን ይሾማል?» ማለት «የእነማን ተራ ነው?» ማለት ነው፤ በጥያቄው ውስጥ የጠያቂው ወገን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም።