ቀይዋ ነጥብ በጠመንጃ ላይ የት ትቀመጥ?

የሰው ዓይን፣ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ የቅርቡንና የሩቁን በአንድ ቅጽበት እኩል አጥርቶ ለማየት አልተሰጠውም። በዚህም ምክንያት በብረት ማነጣጠሪያ የሚተኩስ ሰው፣ የኋላውን ክፋይ፣ የፊተኛውን ጉጥና በሩቅ የቆመውን ዒላማ በአንድ መሥመር ለማዋል ሲጥር፣ ከሦስቱ አንዱን አጥርቶ ሁለቱን አደብዝዞ ለማየት ይገደዳል፤ ይህም አልሞ ተኳሽ የተባለውን እንኳ፣ ይልቁንም ዕድሜው ገፋ ሲል፣ ሲያስቸግር የኖረ የተፈጥሮ ግዳጅ ነው። ከዚህ ግዳጅ የሚያላቅቀውን ጥበብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ያስገኘው፣ ከዋክብትን የሚመረምሩ ሊቃውንት የሚገለገሉባቸውን ታላላቅ መነጽሮች በመሥራት ስሙ የታወቀው የደብሊኑ ሰር ሃዋርድ ግራብ ነበር።

ግራብ የደረሰበት ምሥጢር ረቂቅ ቢሆንም ለመረዳት አያዳግትም። ብርሃን ያለው ምልክት የጎድጓዳ መስተዋት ጨረር በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ቢቀመጥ፣ ከመስተዋቱ ተመልሶ የሚወጣው ጨረር ሁሉ እርስ በርሱ ትይዩ ስለሚሆን፣ ተመልካቹ ምልክቱን የሚያየው በመስተዋቱ ገጽ ላይ ሳይሆን እጅግ በሩቅ፣ ከዒላማው ዘንድ ተንሳፎ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ፣ በ1918፣ የጀርመን አየር ኃይል ይህን ማነጣጠሪያ በተዋጊ አይሮፕላኖች ላይ ሞከረው፤ ወደ ተራው አዳኝ ጠመንጃ ግን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የወረደው በ1975፣ አይምፖይንት የተባለው የስዊድን ድርጅት በትንሽ ባትሪ የምትበራ ታናሽ ቀይ መብራት በአጭር ቱቦ ውስጥ አድርጎ ባወጣ ጊዜ ነው። መስተዋቱም ቀዩን ብርሃን ብቻ እንዲመልስና ሌላውን እንዲያሳልፍ በስስ ቅብ የተለበጠ ስለ ሆነ፣ አዳኙ ዱሩንና አውሬውን በእርሱ አሻግሮ ያያል።

ከዚህ የብርሃን ጠባይ የተነሣ ተኳሹ ሁለት ዓይኑን ገልጦ፣ ራሱንም በአንድ ቦታ ሳያጸና ማነጣጠር ይችላል፤ በመስኮት የምትታይ ጨረቃ፣ ተመልካቹ ራሱን ሲያዘነብል፣ ከመስኮቱ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ተሻግራ ከሰማይ ስፍራዋ እንደማትናወጥ ሁሉ፣ ቀይዋ ነጥብም በመስተዋቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተች ከዒላማዋ ብዙም አትለይም። የሚያጎላ መነጽር በተኳሹ ዓይንና በመስተዋቱ መካከል የተወሰነ ርቀት ይጠይቃል፤ ትንሽ ቢርቅ ወይም ቢቀርብ ዙሪያው ይጨልማል። ቀይዋ ነጥብ ይህን አትጠይቅም። በስዊድን ደኖች ውሾች የቀሰቀሱት ታላቅ አጋዘን በዛፎች መካከል ብልጭ ብሎ በሚሰወርበት ጊዜ፣ አዳኙ ጠመንጃውን ከትከሻው ባገናኘበት ቅጽበት ነጥቧን የሚያገኛት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ዓይንና መስተዋት በዚህ ያህል ነፃነት ከኖሩ፣ ማነጣጠሪያውን የትም ቢያኖሩት አንድ ነው የሚሉ አሉ። ከብርሃኑ ወገን ሲታይ ነገሩ እውነት ነው፤ ብረቱን ለመረመረ ግን አይጸናም። የጠመንጃ መሠረቱ ጥይት የሚጎርሰው፣ አፈሙዙም የተተከለበት ወፍራሙ አካል ነው፤ የፊት እጅ የሚይዘው ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ በዚህ መሠረት ላይ የተቀጠለ ክፍል ስለ ሆነ፣ ማንገቻ ሲጎትተው ወይም በድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ይጎብጣል። ጥቂት የተባለውም የሚናቅ አይደለም፦ በ10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል የተዛነፈ መቀመጫ፣ በ100 ሜትር ርቀት ጥይቱን ከታሰበበት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቀዋል። የክላሽንኮቭን የላይ ክዳን ያነሣ ሁሉ ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ ለጽዳት የሚወልቅ ስስ ቆርቆሮ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ የሌሊት መነጽር ሊጭኑበት በፈለጉ ጊዜ ክዳኑን ትተው መነጽሩ የሚታሰርበትን ሐዲድ በአካሉ ግራ ጎን ላይ አጸኑት። በእኔ ፍርድ ስፍራው በአካሉ ላይ ነው፤ ግማሹ በአካሉ፣ ግማሹ በእጅ መያዣው ሽፋን ላይ እንዲያርፍ ማድረግም ፈጽሞ አይገባም።

በአካሉም ላይ ቢሆን ወደ ፊተኛው ጫፍ ማስጠጋት ይሻላል። ወደ ዓይን የቀረበ ቱቦ መስኮቱ ሰፍቶ ቢታይም፣ የራሱ ጠርዝ የዱሩን አንድ ክፍል ይጋርዳል፤ ራቅ ሲል ጠርዙ ይቀጥንና፣ በሁለት ዓይን ለሚመለከት ሰው ከነአካቴው የጠፋ ያህል ይሆናል፤ በስተኋላውም የሚያጎላ መነጽር ለሚጨምር ስፍራ ይተርፋል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት የገፋ እንደ ሆነ ግን አፈሙዙ ይከብዳል፣ የነደደ ብረት ትኩሳትም ይደርስበታል።

ከፍታውን የሚወስነው የተኳሹ ጉንጭ ነው። ጉንጭ በሰደፉ ላይ ሲያርፍ ዓይን ያለ ድካም የሚመጣበት ልክ የማነጣጠሪያው ማእከል ሊሆን ይገባል፤ ሰደፉ ዝቅ ባለ የአደን ጠመንጃ ላይ መቀመጫው እስከ ተቻለ ድረስ ዝቅ ይበል፣ ሰደፉ ከአፈሙዙ ጋር በቀጥታ በሚሄድ እንደ ኤም 4 ባለ ጠመንጃ ላይ ግን ማእከሉ ከአፈሙዙ 66 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ የግድ ነው። የዚህም ከፍታ ዋጋ በቅርብ ይታያል፦ በ50 ሜትር የተስተካከለ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በ5 ሜትር ላይ ቢተኮስ፣ ጥይቱ ከነጥቧ በታች 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመታል።

ስፍራውና ከፍታው ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው አጥብቆ ማሰር ነው። ማነጣጠሪያው ብዙ ጊዜ የሚታሰርበት፣ በ1995 የአሜሪካ ጦር ያጸደቀው፣ በፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ማምረቻ ስም የሚጠራው ሐዲድ፣ 5.23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ጎድጎዶች ተርታ ያለው ነው። የመቀመጫው ብሎን ከአንዱ ጎድጎድ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ገና ሳይጠብቅ፣ መላውን ማነጣጠሪያ ወደ አፈሙዙ ገፋ ማድረግ ይገባል፤ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ሲመለስ ማነጣጠሪያው ባለበት ለመቅረት ስለሚታገል፣ አስቀድሞ ከጎድጎዱ የፊት ግድግዳ ጋር ካልተገጠመ በየተኩሱ ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል። ከዚያም በብሎኑ ራስና በመቀመጫው ላይ አንዲት ቀጭን የቀለም መሥመር ይሰመራል፤ መሥመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ጎድጎዱ ቍጥር የተጻፈበት ከሆነ ቍጥሩ በማስታወሻ ይያዛል፤ ለጽዳት የተነሣው ማነጣጠሪያ ወደዚያው ተመልሶ፣ አዳኙ ዱር ከመግባቱ አስቀድሞ በወረቀት ዒላማ ላይ እንደገና ይተኮሳል።