«የኅዳግ ማስታወሻ»፦ ላለፈ ለውጥ በኋላ ስለሚታከል መረጃ የቀረበ የስያሜ ሐሳብ

ለአንድ ነገር ስያሜ ከማውጣት በፊት የነገሩን አሠራር መመርመር ይገባል። በኮምፒዩተር የእትም ቁጥጥር ሥርዓት ውስጥ፣ ቀደም ሲል ለተመዘገበ ለውጥ በኋላ የተገኘ መረጃ የሚታከልበት ዘዴ አለ። ይህን «እርማት» ወይም «ማሻሻያ» ብሎ መተርጎም ይቻል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ቃላት ነባሩ መዝገብ ተለወጠ የሚል ትርጉም ስለሚያስከትሉ ተጠቃሚውን ያሳስታሉ። ምክንያቱን ከጅማ በተወሰደ ምሳሌ እናስረዳለን።

የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ በሽታውን የሚቋቋም ቡና ሲፈለግ የተመረጡት እናት ዛፎች በቁጥር ተመዘገቡ። ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ስያሜያቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሰበሰቡበትን ዓመት፣ ማለትም 1974ን፣ የቀሩት የዛፉን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። በሽታውን መቋቋማቸው በፈተና የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ተለውጦ ቢሆን ኖሮ በቀድሞው ቁጥር የተጻፈው ሁሉ ማመልከቻ ያጣ ነበር።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው ሥርዓት በዚህ ረገድ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የእያንዳንዱን ለውጥ መለያ ሰው አይሰጠውም፤ ከይዘቱ፣ ከመግለጫው፣ ከጸሐፊው ስም፣ ከጊዜውና ከቀዳሚው ለውጥ መለያ ተሰልቶ ይወጣል። በመግለጫው ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቃና መለያው ይለወጣል፤ ከእርሱ ቀጥለው የተመዘገቡት ሁሉ መለያቸው አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ለውጥ ጉድለት ማስከተሉ ዘግይቶ ቢታወቅ፣ መረጃው በሌላ ስፍራ ተጽፎ በመለያው አማካይነት ከለውጡ ጋር ይያያዛል።

ለዚህ «ማስታወሻ» ብቻውን እጅግ ሰፊ ነው። «የግርጌ ማስታወሻ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚያዘጋጀው ነው። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የምናገኘው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ የኋላ አንባቢ እጅ ነው፤ ዋናውን ንባብ ሳይነካ ከጎኑ ይቆማል። አንድ ተጨማሪ መመሳሰልም አለ። ገልባጭ ዋናውን ገልብጦ ኅዳጉን ሊተው እንደሚችል ሁሉ፣ በጊትም መዝገቡ ወደ ሌላ ማሽን ሲቀዳ ማስታወሻው በግልጽ ካልታዘዘ አብሮ አይሄድም። ልዩነቱ የብራናው ኅዳግ በዚያው ገጽ ላይ መሆኑ ነው፤ ይህም በፍቺው ውስጥ ሊገለጽ ይችላል።

በመሆኑም «የኅዳግ ማስታወሻ» የሚለውን ስያሜ፣ ለግሡም «ማረም» ወይም «ማስገባት» ሳይሆን «ማያያዝ» የሚለውን እናቀርባለን። ተርጓሚው «አርም» ብሎ ቢጽፍ፣ ተጠቃሚው ስሕተቱ ከመዝገቡ የጠፋ መስሎት ይዘናጋል፤ «አያይዝ» ቢለው ግን የቀድሞው እንዳለ መሆኑንና ማስታወሻውንም ለብቻው መላክ እንዳለበት ይረዳል።